ጨው በውሃ ይቀልጣል ወይስ ይሟሟል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ጀማሪ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። «ጨው በውሃ ቀለጠ» ብለው ሲጽፉ «ሟሟ» በሉ እያልኩ አርማለሁ። ባልደረቦቼ ግን «ያው ነው፤ ሰው የሚለው ቀለጠ ነው» ይሉኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ማረምዎን ይቀጥሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር «ጨው ቀለጠ» ያለ ሰው አማርኛ አላጠፋም። ኬሚስትሪ ውስጥ ግን ሁለቱ ግሶች የሚሰይሙት ለየቅል ነው።

መቅለጥ አንድ ነገር ብቻውን የሚያልፍበት ለውጥ ነው፤ ሲሞቅ ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። በረዶ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የገበታ ጨው እንዲቀልጥ ግን 801 ዲግሪ ያህል ያስፈልገዋል። መሟሟት ሁለት ነገሮችን ይሻል፤ ሟሚ (የሚሟሟው፣ እዚህ ጨው) እና አሟሚ (የሚያሟሟው፣ እዚህ ውሃ)። «በረዶው ቀለጠ» ስንል ሐሳቡ ሞልቷል። «ጨው ሟሟ» ስንል ግን ሰሚው «በምን?» ማለቱ አይቀርም። «በእሳት ቀለጠ» እና «በውሃ ሟሟ» ውስጥ ያለው «በ» ራሱ ሥራው አንድ አይደለም፤ የፊተኛው የለውጡን ምክንያት፣ የኋለኛው ሟሚው የተበተነበትን ነገር ያመለክታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ቀለጠ» የሚያስከትለው ሌላ ትርጉም ነው። ደብዛው የጠፋን ሰው «ቀልጦ ቀረ» እንላለን። ተማሪውም ጨው ቀለጠ ሲል በልቡ «ጠፋ» እያለ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከቃል ስህተት ይከፋል። 10 ግራም ጨው በ100 ግራም ውሃ ሲሟሟ ሙሙቱ (የሁለቱ ድብልቅ) 110 ግራም ይመዝናል። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ቢያሞቁት ጨው ነጭ ሆኖ ዕቃው ላይ ይቀራል። ከማረምዎ በፊት ሚዛኑን ለተማሪዎቹ ይስጧቸው፤ ራሳቸው መዝነው ያዩት ነገር ግሱንም ያስይዛቸዋል።

«ሟሟ»ንም ቢሆን በየቦታው አይፍቀዱላቸው። ዚንክ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ አረፋ እያወጣ እየመነመነ ይሄዳል፤ ለዓይን የሟሟ ይመስላል። አረፋው ሃይድሮጅን ነው። ፈሳሹን ቢያተኑት የሚቀረው ዚንክ ክሎራይድ እንጂ ዚንኩ አይደለም። እዚህ ላይ «ቀለጠ»ም «ሟሟ»ም ስለማይበቃ «ዚንኩ ከአሲዱ ጋር ኬሚካዊ አጸግብሮት (አዲስ ነገር የሚፈጠርበት ለውጥ) አካሄደ» ብለው ይጻፉ።