የፋይዳዬ ቅጂ በስንት ሰው እጅ አለ?

ጥያቄ፦ የምሠራው ፒያሳ በሚገኝ የልብስ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ፋይዳዬን (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያዬን) በፕላስቲክ ካርድ ለማሳተም ፋይሉን በቴሌግራም ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ላክሁ። ካርዱን ልቀበል ስሄድ የእኔና የብዙ ደንበኞች መታወቂያ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ተደርድሮ አየሁ። በሳምንቱ ደግሞ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ ሕንፃ ስገባ ጥበቃው መታወቂያዬን በገዛ ስልኩ ፎቶ አነሳው። ወደፊት ሁሉ ነገር በአሻራና በፊት መልክ የሚሠራ ከሆነ፣ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራዬ ቢሰረቅ ግን ምን እቀይራለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለት የተለያዩ ስጋቶችን አንድ ላይ አንሥተዋል፤ እኛ የበለጠ ሊያሳስብዎ ይገባል የምንለው እርስዎ በመጨረሻ የጠየቁትን ሳይሆን በመጀመሪያ የነገሩንን ነው።

ሲመዘገቡ የአሥሩም ጣቶችዎ አሻራ፣ የሁለቱም ዓይኖችዎ አይሪስ (በዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል) እና የፊትዎ ምስል ተወስዷል። አሻራውና አይሪሱ ግን በካርዱም ሆነ በላኩት ፋይል ላይ አልታተሙም፤ ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዘንድ የቀረ አሻራ የለም። አሻራ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም ማለትዎ እውነት ነው፤ የተመዝጋቢዎች አሻራ የተቀመጠበት ማዕከላዊው የመረጃ ቋት በእጅጉ ሊጠበቅ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረው ሙሉ ስምዎ፣ የትውልድ ቀንዎ፣ ፎቶግራፍዎና ቁጥሮችዎ ናቸው። ይህ ቀላል አይደለም፤ ፊትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ ተንቀሳቃሽ ምስል መሥራት እየቀለለ በሄደ ቁጥር፣ ጥርት ያለ የመታወቂያ ፎቶ ከትውልድ ቀን ጋር ያገኘ አጭበርባሪ ሥራው በግማሽ ተጠናቀቀለት ማለት ነው። በፊት መልክ የሚያረጋግጡ መተግበሪያዎች ዓይንዎን እንዲያርገበግቡ ወይም ራስዎን እንዲያዞሩ የሚጠይቁት ከካሜራው ፊት ያለው ሕያው ሰው መሆኑን ለመለየት ነው።

ስለ ቁጥሮቹም አንድ ነገር እንጨምር። 12 አኃዝ ያለው ፊን ቋሚ መለያዎ ነው፤ 16 አኃዝ ያለው ፋን ደግሞ ቋሚው ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር የተዘጋጀ ተለዋጭ ነው። የካርዱን ሁለት ገጽ ኮፒ አድርገው ሲሰጡ ግን ሁለቱንም አሳልፈው ስለሚሰጡ የተለዋጩ ጥቅም እዚያው ያከትማል።

ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተደነገገ ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠንና ለሚያስፈልገው ጊዜ ያህል እንዲያዝ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ስለሆነ ባንክ ሲጠይቅዎ ምክንያት አለው። የሕንፃ ጥበቃ በግል ስልኩ ፎቶ ማንሣቱ ግን ከየትኛው ዓላማ ጋር እንደሚገጥም ለእኛ አልታየንም። (እውነቱን ለመናገር የዚህ ዓምድ አዘጋጅም ወረፋው ረዝሞበት ካርዱን ሳያቅማማ የሰጠበት ቀን ጥቂት አይደለም።)

በሌላው ዓለም መልሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች እስከ 2026 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለዜጎቻቸው እንዲያቀርቡ የተደነገገው ዲጂታል የመታወቂያ ቦርሳ፣ ለጠየቀው አካል የተጠየቀውን ብቻ ነጥሎ ለማሳየት ታስቦ የተዘጋጀ ነው፦ ዕድሜ የተጠየቀ ሰው የትውልድ ቀኑንም ስሙንም ሳይገልጽ «18 ዓመት ሞልቶታል» የሚል የተረጋገጠ ምላሽ ብቻ ይሰጣል። ኮፒ የሚባል ነገር ስለሌለ የሚረሳ ፋይልም አይኖርም።

እንዲህ ያለው አሠራር ወደ እኛ እስኪመጣ ድረስ ግን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተመልሰው ፋይልዎን ያስጠፉ። በቴሌግራም የላኩትን ለሁለታችሁም ቢያጠፉት እንኳ ወደ ኮምፒውተሩ የወረደው ቅጂ እንደሚቀር አይዘንጉ፤ ከዳውንሎድ ፎልደሩም ከሪሳይክል ቢኑም መጥፋቱን በዓይንዎ ይዩ። በሌላ ጊዜ በፍላሽ ወስደው፣ ታትሞ እስኪያልቅ አጠገቡ ቆመው ይጠብቁ። ጥበቃው ሲጠይቅዎ ደግሞ ካርዱን ከእጅዎ ሳይለቁ ያሳዩት፤ መመዝገብ ካለበት ስምዎንና የሚሄዱበትን ቢሮ በመዝገቡ ላይ ራስዎ ይጻፉለት።