ገንዘቡ የት ነው የተቀመጠው? በበጎ አድራጎት ድርጅት ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሒሳብ አያያዝ ተምራችሁ በበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ ለጀመራችሁት ነው። አብዛኛውን ዕድሜዬን በኦዲት ሥራ ስላሳለፍኩ ወጣቶች እንዴት እንደሚሠሩ አያለሁ። ወጪ ላይ ጎበዞች ናችሁ። ደረሰኙ ሕጋዊ ነው ወይ፣ ፕሮፎርማው ተሟልቷል ወይ፣ የውሎ አበሉ ተፈርሞበታል ወይ ብላችሁ ታፋጥጣላችሁ። ለጋሹ ጋ ስትደርሱ ግን ብዕራችሁ ይላላል። የሚሰጥ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል? እኛ ዘንድ እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጠራል። ይህ ይሉኝታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከፒካወር ፋውንዴሽን ታሪክ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጄፍሪ ፒካወር በፍሎሪዳዋ ፓልም ቢች ይኖር የነበረ፣ ሕግም ሒሳብም የተማረ አሜሪካዊ ባለሀብት ነበር። በ1989 ከባለቤቱ ከባርባራ ጋር ፋውንዴሽኑን አቋቋመ። በ2002 ኤም.አይ.ቲ. ለተባለው ዩኒቨርሲቲ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ አንጎል እንዴት እንደሚማርና እንደሚያስታውስ የሚያጠናው ተቋም ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በሃርለም የድሃ ልጆችን ለሚያስተምር ድርጅት፣ ለሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች፣ ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ሰጥተዋል። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምለው ነገር አንዱንም አይሽረውም። በመጨረሻ ላይ ፋውንዴሽኑ በመዝገብ የነበረው ሀብት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

ያ ሀብት የተቀመጠው በርናርድ ማዶፍ በተባለ የኒው ዮርክ ገንዘብ አስተዳዳሪ ዘንድ ነበር።

ማዶፍ ዲሴምበር 11 ቀን 2008 ተያዘ። ለደንበኞቹ ገዛሁ ሸጥኩ ይላቸው የነበሩት አክሲዮኖች አልተገዙም፤ ለቀደሙት ይከፍል የነበረው ከኋለኞቹ በተቀበለው ገንዘብ ነው። በደንበኞቹ መግለጫዎች ላይ ተደምሮ የተገኘው ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቁጥር ብቻ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የፒካወር ፋውንዴሽን በዚያው ወር እርዳታ መስጠቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። 20 ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ቤት በቀናት ውስጥ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉልኝ። የአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ ሥራ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ብዙዎቹም ከዚያ ብዙም ሳያልፉ ዋናውን ገንዘብ ለረጅም ዘመን ያስቀምጡታል። እንደ ማዶፍ ላለ ሰው ትልቁ ጠላት ገንዘቡን መልስልኝ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ነው፤ የጣለውም በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ደንበኞቹ ቢሊዮኖችን በአንድ ጊዜ መጠየቃቸው ነው። በየዓመቱ ጥቂት ብቻ የሚያወጣ፣ ከዚያ በላይ የማይጠይቅ ፋውንዴሽን ለእንዲህ ያለ ሰው ከማንም የተመቸ ነበር። በእኔ እምነት በጎ አድራጊዎች እሱ ዘንድ የበዙት በአጋጣሚ አይደለም።

ደግሞ ምልክቱ ለሙያችን ሰው ግልጽ ነበር። ማዶፍ ገዢም፣ ሻጭም፣ ንብረት ጠባቂም፣ የሒሳብ መግለጫ ላኪም ራሱ ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ያዥና ሒሳብ መዝጋቢ አንድ ሰው እንዳይሆኑ የምንከለክለው ለዚህ ነው። የማዶፍን ድርጅት ሒሳብ ይመረምር የነበረው ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ በሥራ ላይ ያለው የሒሳብ ባለሙያ አንድ ብቻ የሆነ ትንሽ ቢሮ ነበር። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ የፋይናንስ ተንታኝ ከ2000 ጀምሮ የአክሲዮን ገበያውን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጋግሞ ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ፊርማና ማኅተም ነበር።

የፒካወር ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ቀጥሎ ያለው ነው። የተጎጂዎችን ገንዘብ እንዲያሰባስብ የተሾመው ባለአደራ ፒካወር ካስቀመጠው በላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ትርፍ ወስዷል፣ ማጭበርበሩንም ያውቅ ነበር ወይም ማወቅ ነበረበት ሲል ከሰሰው። ፒካወር በወንጀል አልተከሰሰም፤ ባለቤቱም አላወቀም ብላ ጸናች። በኦክቶበር 2009 ቤቱ ባለው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞተ። በዲሴምበር 2010 ባርባራ ከውርሱ 7.2 ቢሊዮን ዶላር ለተጎጂዎች እንዲመለስ ተስማማች፤ መመለሷንም አከብርላታለሁ። ሆኖም ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። የበጎ አድራጎቱ 1 ቢሊዮን በማዶፍ ወረቀት ላይ ሲተን፣ ከማዶፍ የወጣው ሰባት እጥፍ ገንዘብ በቤተሰቡ እጅ ነበር። ለድሆች የተመደበው ገንዘብ ጥበቃው ከሁሉ የሳሳ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባርባራ አዲስ ፋውንዴሽን አቋቁማለች።

እንግዲህ ይሉኝታውን ተዉት። አንድ ባለሀብት በስሙ ፋውንዴሽን ከፍቶ ሲቀጥራችሁ፣ ወይም ድርጅታችሁ ከእሱ እርዳታ ሲቀበል፣ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ በማን ስም እንደተቀመጠ ጠይቁ። በፋውንዴሽኑ ስም ነው ወይስ በባለሀብቱ ኩባንያ? ቦርዱ ላይ ከቤተሰቡና ከሠራተኞቹ ውጭ እምቢ ማለት የሚችል ሰው አለ? የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤው በቀጥታ ከባንኩ ወደ ኦዲተሩ ይድረስ፤ በሥራ አስኪያጁ በኩል አይዙር። ትርፉ ዓመት ከዓመት ሳይዋዥቅ እኩል የሚመጣ ከሆነ ከምን እንደተገኘ ይገለጽላችሁ። ቀና ለጋሽ በዚህ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ቅያሜውን ቻሉት።

እርዳታ ተቀባይ ለሆናችሁት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጄት የተባለ ሌላ ፋውንዴሽን የለጋሾቹ ገንዘብ ማዶፍ ዘንድ ስለነበር በጃንዋሪ 2009 መጨረሻ ተዘጋ። የወጣት አጥፊዎችን አያያዝና የእስር ቤቶችን ሁኔታ ለማሻሻል ከእሱ በሚያገኙት ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶች በአንድ ወር ከግማሽ ውስጥ ሌላ ለጋሽ ፍለጋ ወጡ፤ ያውም የፋይናንስ ቀውሱ በከፋበት ሰሞን። የሚቀጥለውን በጀት ስታዘጋጁ ትልቁን ለጋሻችሁን ከሰንጠረዡ ላይ አውጡና ደመወዝ ለስንት ወር እንደሚዘልቅ አስሉት። የሚወጣውን ቁጥር ለቦርዱ አቅርቡ፤ ቃለ ጉባኤ ላይም ይመዝገብ።