ሥጋዬ እዚያ አልነበረም

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጀርመን ነው። በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ሌላ ስምና ሌላ መልክ አለኝ። እዚያ ስሳደብና ሳታልል እውነተኛው እኔ አይደለሁም ብዬ አስባለሁ። ቅዳሴም በስልኬ እከታተላለሁ፤ ሥጋ አፈር ነው፣ ዋናዋ ነፍስ ናት። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለት ነገር የጠየቅህ ይመስልሃል እንጂ የጠየቅኸው አንድ ነው። ስትበድል «ሥጋዬ እዚያ አልነበረም» ትላለህ፤ ስታመልክ ደግሞ «ሥጋዬ እዚያ ባይገኝስ?» ትላለህ። ይህን ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። ምስኪኑ ሥጋ ሁልጊዜ ከሒሳብ ውጭ ነው።

አባቶቻችን ግን ሰው አራቱን ባሕርያተ ሥጋ (መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት) እና ሦስቱን ባሕርያተ ነፍስ (ማሰብ፣ መናገርና ሕያውነት) ይዞ አንድ ሰው ነው ብለው ያስተምራሉ። ሥጋ አፈር ብቻ ከሆነ ቃል ሥጋ የሆነው ለምንድን ነው? ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ ሲመስላቸው «እኔን ዳስሳችሁ እዩ» አላቸው (ሉቃ. 24፥39)፤ የተጠበሰ ዓሣም በፊታቸው በላ። በመጨረሻው ቀን የሚነሣውም ዛሬ ወንበር ላይ ጎብጦ የሚያነጋው ይኸው ሥጋህ ነው።

ስድቡን የጻፉት ጣቶችስ የማን ናቸው? ተመኝቶ ያየ በልቡ አመነዘረ የሚል ወንጌል ይዘን (ማቴ. 5፥28) «ስሙ የእኔ አይደለም» ብለን አናመልጥም። በወዲያኛው በኩል ተሰድቦ ያደረው ልጅም እንደ አንተው ሥጋና ነፍስ አለው።

ወደ ቅዳሴው ስመጣ፣ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ሲል የሚያዝዘው ጉልበትህን ነው፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ፊትህን ወደ ምሥራቅ እንድትመልስ ነው። አንተ ግን ተጋድመህ፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈህ ትሰማለህ። ለመሆኑ ሥጋ ወደሙ በስልክ ይመጣል? ዮሐንስ እንኳ ብዙ የሚጽፈው ነገር እያለው፣ ደስታችን ፍጹም እንዲሆን መጥቼ «አፍ ለአፍ» ልናገራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ አለ (2ኛ ዮሐ. 12)። ይህን ያለው ደብዳቤ ንቆ አይደለም፤ ያለው በደብዳቤ ነው።

እኔም ስልኩን አልነቅፍም። ሳዑዲ አረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የላትም፤ ሌሊት ድምፁን ቀንሳ የምትሰማው ቅዳሴ ለእርሷ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አልጋ ላይ ላለ ሕመምተኛም እንዲሁ። የእነርሱን ችግር ግን አንተ ምክንያት አታድርገው፤ ጀርመን ውስጥ በብዙ ከተሞች አጥቢያ አለን።

በዚህ ሳምንት የሰደብኸውን ልጅ ፈልገህ በራስህ ስም ይቅርታ ጠይቀው፤ አታልለህ የወሰድኸውንም መልስ። ለንስሓ አባትህ ስትናገር «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ አደረገ» አትበል። ቅዳሜ ማታም ኮምፒውተሩን በጊዜ ዝጋና የእሑድ ጠዋቱን ባቡር ሰዓት ተመልከት።