ፈረሱ ደቻቱን አልሻገርም ሲል

የጋሪ ፈረስህ የደቻቱ (ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የድሬዳዋ ወንዝ) ዳር ሲደርስ እግሩን ተክሎ ይቆማል፣ ካሮት ብታሳየውም ንቅንቅ አይልም ብለሃል። ካሮቱን ከፊቱ ይዘህ አትጎትተው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው፤ መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ካሮት።

ጋሪውን ፍታና ባዶውን ውሰደው። ገመዱን በቀስታ ሳብ አድርግ። አንድ እግሩን ወደፊት ሲያነሳ ወዲያው አላላለትና አንድ ቁራሽ ስጠው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሸዋውን ካሸተተ አታጣድፈው፣ መሬቱን እየመረመረ ነው። ጆሮውን ቀስሮ አፍንጫውን ከነፋ ግን ፈርቷል፤ ሁለት እርምጃ መልሰውና እንደገና ጀምር። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ይሻላል። ደጋው ላይ ከዘነበ ለዚያ ቀን ተወው፤ ድሬዳዋ ፀሐይ ሆኖም ደቻቱ ድንገት ይሞላል።

አደራ፣ ካሮቱን ከኪስህ እያወጣህ በነፃ አትስጠው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ፈረሴ የሰው ኪስ መንከስ ለመደ፤ አንድ ቀን የእህቴን ልጅ ክንድ ያዘው። ቁስሉ ቀላል ነበር፣ ድንጋጤው ግን እስካሁን አለቀቀኝም። በቁመቱ የተሰነጠቀ ካሮት፣ በተዘረጋ መዳፍ ስጠው። ፈረስ አፉ ስር ያለውን አያይም፣ ጣትህን ከካሮቱ አይለይልህም።