መልስ፦ ወደ ሐዋሳ የሚበረው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አሮጌ ነው?

አሮጌ አይደለም፤ ወደ ሐዋሳ ለመብረር የፈሩት እናትህ ፕሮፔለሩን አይተው አሮጌ ነው በማለት ጉዞውን መሰረዝ የለባቸውም። በሐዋሳ መስመር በብዛት የሚያጋጥምህ ዳሽ 8-400 የሚባለው አውሮፕላን ነው። ባለ ስድስት ቅጠል ፕሮፔለሩን የሚያሽከረክረውም እንደ ጄት አውሮፕላን ሁሉ ተርባይን ሞተር ነው።

ለዚህ መስመር የተመረጠው ርቀቱ አጭር ስለሆነ ነው። ጄት ነዳጅ የሚቆጥበው ከፍ ብሎ ረጅም ሰዓት ሲበር ነው፤ ወደ ሐዋሳ ግን ገና ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። ዳሽ 8 ዝቅ ብሎ በአነስተኛ ነዳጅ ይበራል። በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ጄቱ የሚቀድመው በጥቂት ደቂቃዎች ነው። አጭር ማኮብኮቢያም ይበቃዋል። ለእኔ ለአገር ውስጥ በረራ ከዚህ የተሻለ አውሮፕላን የለም፤ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ሰማዩ ከጠራ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

አንድ ነገር ግን ከልምዴ ልንገርህ፦ በፕሮፔለሩ ትይዩ ያለ ወንበር እንዳትይዝላቸው። ድምፁና ንዝረቱ እዚያ ይበረታል፤ ለሚፈራ ሰው ከባድ ነው። ከኋላ አስቀምጣቸው። ለማረፍ ሲቃረብ ከሞተሩ ሥር ጎማው ሲዘረጋ በመስኮት ስለሚታይ፣ እንዳይደነግጡ አስቀድመህ ንገራቸው።