ለጂ+20 አፓርታማ ጠያቂው፦ መጀመሪያ ጉድጓዱን አስቡበት

«በማኅበር ሁለት ቤዝመንት ያለው ጂ+20 አፓርታማ አዲስ አበባ ላይ ልንጀምር ነው፤ ኮንትራክተሩ በሚያዝያ እንቆፍር ይለናል፤ ምን እንጠንቀቅ?» ላልከው ወንድማችን፦

በሚያዝያ አትቆፍሩ። በቃ። ሁለቱ ቤዝመንትና የራፍቱ (ሕንፃውን በሙሉ የሚሸከመው ወፍራም የአርማታ መሠረት) ውፍረት ሲደመሩ ከ8 እስከ 10 ሜትር ትወርዳላችሁ፤ ክረምቱ ክፍት ጉድጓድ ይዛችሁ ይደርስባችኋል። ጥቁር አፈር በበጋ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግንብ ይመስላል። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ስንጥቁን ሲሞላው የጎረቤትን አጥርና ሰርቪስ ቤት ይዞ ይወርዳል። በመስከረም መጨረሻ ጀምራችሁ ከሰኔ በፊት ከመሬት በላይ ውጡ።

1. ሶይል ቴስት (የአፈር ምርመራ)። «ተሠርቷል» ሲሏችሁ ሪፖርቱን አስከፍቱ። ለረጅም ሕንፃ በቦርሆሎቹ (ለምርመራው በሚሰረሰሩት ጠባብ ጉድጓዶች) መካከል የሚመከረው ርቀት ከ15 እስከ 40 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ደግሞ ጠንካራ አለት ካልተገኘ ከራፍቱ ሥር የስፋቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። መሰርሰሪያው ቋጥኝ ሲነካ «አለት ደረስን» ተብሎ ይቆማል፤ ከቋጥኙ ሥር ለስላሳ አፈር ሊኖር ይችላል። ቢያንስ አንዱ ቦርሆል ድንጋዩ ውስጥ 5 ሜትር ይግባ።

2. ሾሪንግ (የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ የሚሠራው ድጋፍ)። ዋናው ኪሳራ ይሄ ነው፤ ዲዛይኑም ዋጋውም ቢኦኪው (የሥራው መጠንና የዋጋ ዝርዝር) ውስጥ ሳይገባ ውል ይፈረማል። ኮንትራክተሩ «ጊዜያዊ ሥራ ነው፣ ለእኔ ተዉት» ይላል፤ አፈሩ ሲናድ ቫሪዬሽን (ከውሉ ውጪ የተጨማሪ ሥራ ክፍያ ጥያቄ) ይዞ ይመጣል። ፈቃድ ስታወጡ ስለ ፊት ለፊቱ ቀለም የሚጠይቃችሁ እንጂ ስለ ሾሪንጉ የሚጠይቃችሁ ላይገኝ ይችላል፤ እናንተው ጠይቁ። ፓይሉ (በጉድጓዱ ዙሪያ መሬት ውስጥ የሚተከለው የአርማታ ምሰሶ) ከቁፋሮው ይቀድማል፣ አናቱም በቢም ይታሰራል። ከዚያ 2 ወይም 3 ሜትር እየተቆፈረ፣ አንከሩ (ፓይሉን ከኋላው ካለው አፈር ጋር የሚያስረው የብረት ገመድ) ተወጥሮና ተፈትኖ ሳያልፍ ወደ ታች አይኬድም። የወጣውን አፈር ጠርዝ ላይ አትከምሩ። በበጋ ከግድግዳው ውኃ ከመነጨ መጀመሪያ የጎረቤትን ሴፕቲክ ታንክ ጠርጥሩ። እና የጎረቤት ቤት ስንጥቅ ሁሉ ከቁፋሮው በፊት ፎቶ ይነሳ፣ ቀን ተጽፎበት ይፈረምበት፤ ያለዚያ የ30 ዓመቱም ስንጥቅ በእናንተ ይሳበባል።

ራፍቱ ላይ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። 600 ካሬ በ2 ሜትር ውፍረት 1,200 ሜትር ኩብ ነው፤ 8 ሜትር ኩብ በሚይዝ ሚክሰር 150 ጉዞ፣ ፓምፑ በሰዓት 40 ቢገፋ 30 ሰዓት ያለ እረፍት። ሁለተኛ ፓምፕ ቆሞ ይጠብቅ፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ አዲሱ አርማታ ከደረቀው ጋር አይያያዝም፣ ውኃም በዚያ ይገባል። የመሐሉ ሙቀት ከ70 ዲግሪ፣ ከላይኛው ገጽ ጋር ያለው ልዩነትም ከ20 ዲግሪ እንዳይበልጥ። በኅዳር ብርድ «ኪዩሪንግ» (አርማታው እንዳይደርቅ እርጥብ አድርጎ ማቆየት) ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያርከፈክፍ ፎርማን አይጠፋም፤ ያሰነጥቀዋል። በፕላስቲክና በስፖንጅ ማልበስ ነው።

የሕንፃውን የውኃ መስመር ደግሞ ለላይና ለታች ፎቆች ለሁለት ከፍሉት፤ ከ60 ሜትር በላይ ካለ ታንከር የሚወርድ ውኃ ታች ቤት 6 ባር ግፊት ይዞ ይደርሳል፣ ፍሌክሲብሉን (ቧንቧውን ከመታጠቢያውና ከሽንት ቤቱ ጋር የሚያገናኘውን ተጣጣፊ ቱቦ) ሊያፈነዳው ይችላል።

የቦርሆሉን ሎግ (የአፈሩን ንብርብር መዝገብ)ና የቢኦኪውን የቁፋሮ ገጽ እዚህ ለጥፍልን፣ እናየዋለን።