ምግብ ሲጠፋ ሰውነት ከምን ይኖራል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰው ከመጨረሻው ጉርሻ በኋላ ምንም ሳይበላ ቢቆይ ሰውነቱ በቅደም ተከተል ምን ይጠቀማል?

መልስ፦ የበላው ምግብ ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል። ከዚያ ኢንሱሊን ይወርድና ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን ይበረታል፤ ጉበትም ያከማቸውን ግላይኮጅን፣ ማለትም የተጠራቀመ ስኳር፣ እየፈታ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ክምችቱ ግን ጥቂት ነው፣ በአዋቂ ሰው 100 ግራም አካባቢ። አንጎል ብቻውን በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ስለሚፈልግ በአንድ ቀን ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። ጉበት ግን እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ከጡንቻ ከሚመጣ አሚኖ አሲድ፣ ስኳር በከፊል ሲፈርስ ከሚቀረው ላክቴትና ከስብ ከሚወጣ ግሊሰሮል አዲስ ግሉኮስ መሥራት ቀደም ብሎ ይጀምራል። ረሃቡ ሲረዝም ኩላሊትም በዚህ ሥራ ይገባበታል።

ጥያቄ፦ ጡንቻ ውስጥም 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን አለ ይባላል። እሱስ የት ሄደ?

መልስ፦ አለ፤ ግን ለራሱ ነው። ጡንቻ ግሉኮስን ወደ ደም ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢንዛይም፣ ግሉኮስ-6-ፎስፋቴዝ፣ የለውም። ቢበዛ ላክቴት አድርጎ ለጉበት ይልካል።

ጥያቄ፦ ስብ ሞልቶ ሳለ ሰውነት ጡንቻውን መብላቱ ሞኝነት አይደለም?

መልስ፦ አማራጭ ስለሌለው ነው። ከስብ የሚወጣው ፋቲ አሲድ ወደ ግሉኮስ አይለወጥም፣ አንጎልም እንደ ዋና ነዳጅ አይጠቀምበትም። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ከግሉኮስ ሌላ አያውቅም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ወደ 75 ግራም ፕሮቲን ይፈርሳል፤ ከነውሃው ሲመዘን 300 ግራም ያህል ሥጋ ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከክብደቱ 15 በመቶው ስብ ቢሆን 10.5 ኪሎ ስብ አለው። በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ሲባዛ 94,500 ይሆናል፤ በቀን 1,500 ቢያወጣ ሁለት ወር ያደርሰዋል። የጡንቻው ፕሮቲን ግን 6 ኪሎ ገደማ ነው። በቀን 75 ግራም ከሄደ ግማሹ በ40 ቀን ያልቃል፣ ልብና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ደግሞ ያን ያህል አይታገሡም። ስቡ ሳያልቅ ሰውየው ይሞታል ማለት ነው።

ከዚህ የሚያወጣው ኬቶን ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጉበት ስቡን ወደ ኬቶን ይለውጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በደም ውስጥ ያለው መጠን በሊትር ከ5 እስከ 7 ሚሊሞል ይደርሳል። አንጎል ይህን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቦስተን ውስጥ ተመራማሪው ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ ከ5 እስከ 6 ሳምንት የጾሙ በጣም ወፍራም ሕሙማን ላይ ወደ አንጎል የሚገባውንና ከአንጎል የሚወጣውን ደም አነጻጽረው ሲለኩ፣ አብዛኛው የአንጎል ነዳጅ ኬቶን ሆኖ አገኙት። ያን ጊዜ የፕሮቲኑ ፍርሰት በቀን ወደ 20 ግራም ይወርዳል። በረሃብ ጊዜ የሚታየው ለውጥ ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚያገለግለው ለዚሁ ነው፦ ፕሮቲንን ለማቆየት።

ጥያቄ፦ ኬቶን ግን የስኳር ሕመምተኛን ይገድላል አይደል?

መልስ፦ ልዩነቱ ኢንሱሊን ነው። ጤነኛ ሰው ሲራብም ጥቂት ኢንሱሊን ይኖረዋል፤ ያቺ ጥቂት ናት የስቡን ፍርሰት ልጓም የምትይዘው። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ካቋረጠ ልጓሙ ይበጠስና ኬቶኑ ከተለመደው የረሃብ መጠን እጅግ ያልፋል፣ ደሙም አሲድ ይሆናል። ስለዚህ «ዛሬ አልበላሁም» ብሎ መርፌውን ሙሉ በሙሉ መተው አይገባም፤ መጠኑን ከሐኪም ጋር ማስተካከል እንጂ። ኬቶኑ በሊትር ከ3 ሚሊሞል በላይ ሆኖ ማስታወክ ከተጨመረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ሜታቦሊዝሜ ይቀንስብኛል?

መልስ፦ አይቀንስም። ማታ ሁለት ሰዓት የበላ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት 19 ሰዓት ነው የቆየው፤ ጉበቱ ገና አልተሟጠጠም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ኖርአድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር የኃይል ወጪው በትንሹ ከፍ ሊል ይችላል። መቀነስ የሚመጣው ምግብ ለሳምንታት ሲያንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተመራማሪው አንሴል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በቀን በ1,570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አኑሯቸዋል። ከክብደታቸው ሩቡን አጡ፣ በዕረፍት ጊዜ የሚያወጡት ኃይል ግን 40 በመቶ ያህል ወረደ። ይህ አካላቸው ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ የቀረው ሕብረ ሕዋስም ቁጠባ ገብቷል። ከስብ የሚወጣው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞንና ቲ3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ይወርዳሉ፣ የልብ ምት ይዘገያል፣ በሞቃት ቀንም ብርድ ብርድ ይላል፣ የሴት የወር አበባ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ሳይበሉ ስንት ቀን መኖር ይቻላል?

መልስ፦ ያለ ውሃ ጥቂት ቀናት። ውሃ እየጠጡ ከሆነ የሚወስነው የስብ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሰሜን አየርላንድ በረሃብ አድማ የሞቱት አሥር እስረኞች ከ46 እስከ 73 ቀን ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 እና 1966 አንድ 207 ኪሎ የሚመዝን ስኮትላንዳዊ በሐኪም ክትትል፣ ቫይታሚንና ማዕድን እየተሰጠው 382 ቀን ቆይቷል። ይህን እንደ ማቅጠኛ ዘዴ የሚያነብ ካለ ይተወው፤ በዚያው ዘመን በሆስፒታል ረጅም ጾም ከሞከሩ ሕሙማን የሞቱም አሉ።

ጥያቄ፦ የተራበ ሰው እግሩ የሚያብጠው ለምንድን ነው? ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ይረዳዋል?

መልስ፦ ኪኒኑ አይሰጥ። ሰውነቱ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲንም ይወርዳል፤ የሴል ጉዳትም አለበት። ፖታሲየሙ አስቀድሞ ስለተመናመነ ኪኒኑ ጭራሽ ያሟጥጠዋል። ለማረጋገጥ ሁለቱንም እግር ጀርባቸው ላይ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ይጫኑ፤ ጣት ሲነሳ ጉድጓዱ በሁለቱም ከቀረ እብጠት ነው። እብጠት ክብደትን ስለሚደብቅ ሚዛንን ብቻ ማመን ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ለሳምንታት ምግብ ያጣ ሰው ቢገኝ እስኪጠግብ እናብላው?

መልስ፦ እስኪጠግብ ማብላት ሊገድለው ይችላል። በረሃብ ጊዜ ከሴሎች ውስጥ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይመናመናሉ፤ ሴሎቹ አብረው ስለሚኮማተሩ የደም ምርመራው ደህና መስሎ ይታያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድንገት ብዙ ስታርች ሲገባ ኢንሱሊን ይፈስሳል፣ ሴሎችም በደም የቀረውን ፎስፌት ይስቡታል። በሊትር ከ0.8 እስከ 1.5 ሚሊሞል መሆን የሚገባው ከ0.3 በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ልብ ይደክማል። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሰውየው «እየዳነ ነው» በሚባልበት ሰዓት ነው።

ከ10 ቀን በላይ ያልበላ፣ ወይም በ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣ አዋቂ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። እዚያ የሚጀመረው በቀን በኪሎ በ10 ኪሎ ካሎሪ ነው፦ ለ45 ኪሎ ሰው 450 ብቻ። ከ15 ቀን በላይ ምንም ያልቀመሰ ደግሞ በግማሹ። ከዚያ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ማዕድናቱ እየተለኩ ይተካሉ።

ጥያቄ፦ ሕፃን ከሆነስ? እኛ ጋ ጤና ኬላ ፕላምፒ ነት ይሰጣሉ።

መልስ፦ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። የምግብ ፍላጎት ካለውና ሌላ ሕመም ከሌለው ፕላምፒ ነት፣ ማለትም ከኦቾሎኒ የተዘጋጀው ገንቢ ምግብ፣ ቤቱ ሊሰጠው ይችላል፤ አንዱ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ነው። እምቢ ካለ፣ ካስታወከ ወይም ከፈዘዘ ግን ጤና ተቋም ተኝቶ መታከም አለበት። እዚያ የሚጀመረው በኤፍ-75 ወተት ነው፤ 100 ሚሊ ሊትሩ 75 ኪሎ ካሎሪ ይዟል፣ ፕሮቲኑም ሆን ተብሎ አነስ ተደርጓል። ልኩ በቀን በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር ነው። 5 ኪሎ ለሆነ ልጅ 650 ይሆናል፤ በየሦስት ሰዓቱ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሌሊትም ሳይቀር። እናቶች «ይህ አነሰ» ሲሉ እውነታቸውን ነው፣ ማነሱ ግን የሕክምናው አካል ነው። ሌሊቱ ከተዘለለ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል። አይረንም ልጁ መብላትና ክብደት መጨመር እስኪጀምር አይሰጠውም።

ጥያቄ፦ ለአዋቂው ቶሎ እንዲበረታ ግሉኮስ በደም ሥር ቢሰጠውስ?

መልስ፦ ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ሳይቀድመው አይሆንም። ስኳርን ወደ ኃይል ለመለወጥ ቲያሚን ያስፈልጋል፤ የተራበ ሰው ያለችውን ጥቂት ግሉኮሱ ይጨርስበትና አንጎሉ ይጎዳል፦ ዓይን ይንቀዋለላል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሰውየው ይምታታበታል። የተለመደው ከመመገቡ በፊት ጀምሮ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ቀን ነው። ስኳሩ በጣም ወርዶ ራሱን የሳተ ከሆነ ግሉኮሱ አይዘገይም፤ ቲያሚኑ አብሮት ይሰጣል።